የብሎክ ሠላሳ ስድስት ሽማግሌዎች

አባቴ ያን እሁድ ሱፉን የለበሰው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ የተቀጠሩት ለሦስት ሰዓት ነበር።

"አባዬ፣ ይጨማደድብሃል እኮ። ትንሽ ቆይተህ ብትለብሰውስ?" አልኩት።

"ሴት ልጁን የሚጠየቅ አባት በፒጃማ ነው የሚጠብቀው?" ብሎ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ቁጭ አለ።

ገብረጻድቅ ይባላል አባቴ። ሃያ አምስት ዓመት አቃቂ ባቡር ጣቢያ አረንጓዴና ቀይ ባንዲራ እያውለበለበ ባቡር ሲያሳልፍ ኖሯል። አሮጌው ባቡር ከቆመ ስንት ዓመቱ! ሁለቱ ባንዲራዎች ግን ዛሬም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ለአባዬ ዓለም ላይ ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ በሰዓቱ የሚደርስና የማይደርስ።

ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ ልዕልት። በስሜ እንዳትሸወዱ፣ ቂሊንጦ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሱሪ ኪስ ነው የምሰፋው። ጠያቂው ደግሞ ሉቃስ ነው፤ የእኛ መስመር የማሽን ጠጋኝ። አባቱ ሳሪስ ላይ በራሳቸው አራት ፎቅ ሕንፃ የግንባታ ዕቃ የሚነግዱ ሰው ናቸው። ልጃቸው ግን ያን ሁሉ ትቶ፣ ዘይት የነካው ጃኬት ለብሶ በእኛ ማሽኖች መሃል መዞር ይወዳል። መጀመሪያ ማሽን የሚወድ መስሎኝ ነበር።

ፋብሪካው ውስጥ ስልክ አይገባም፤ በር ላይ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነው የሚውለው። ስለዚህ የእኛ ፍቅር የተጻፈው በጥገና ካርድ ላይ ነው። እያንዳንዱ ማሽን ጎኑ ላይ የተንጠለጠለ ካርድ አለው፤ ሰፊዋ ብልሽቱን ትጽፋለች፣ ጠጋኙ ያደረገውን ይጽፋል። አንድ ቀን "ክር ይበጥሳል" ብዬ ብጽፍ፣ "ክሩ ደህና ነው። ሰፊዋ ቀና ብላ ስለማታይ የተበላሸው ጠጋኙ ነው" ብሎ ጻፈልኝ። ቀና አልኩ። ወይ ቀና ማለት! ያን ቀን የሰፋሁት ኪስ በሙሉ ይፈታ ተብሎ ተመለሰልኝ።

እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ቆየን። ሽማግሌ ልልክ ነው ሲለኝም የቤታችንን አድራሻ የጻፍኩለት በዚያው ካርድ ነው።

እና ያ እሁድ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል። አራት። እናቴ ብዙወርቅ የደፋችውን ዳቦ ሦስቴ ገልጣ ሦስቴ ሸፈነችው። አባዬ መስኮቱ ጋ ሄዶ ይመለሳል። አምስት ሰዓት ላይ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ለሉቃስ ደወልኩ።

"እንዴ! ከሁለት ተኩል ጀምሮ ወጥተዋል እኮ!" አለኝ። "ስልካቸው ዝግ ነው። መሪያቸው ጋሽ ሰይፈሥላሴ በሽምግልና መሃል ስልክ ሲጮህ ነውር ነው ብለው ሁሉንም አስጠፍተዋቸዋል።"

ሰባት ሰዓት ላይ አባዬ ከረባቱን ፈታ። ስምንት ሰዓት ላይ ኮቱን አውልቆ መስቀያ ላይ ሰቀለው፤ ትከሻው ላይ ያረፈ ነገር ያለ ይመስል በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገው። አባቴ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ያን ኮት ሲሰቅል ግን ፊቱን ማየት አቃተኝ።

ሽማግሌዎቹ በራችንን ያንኳኩት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሦስት ናቸው፤ ነጠላቸውን ያጣፉት ጋሽ ሰይፈሥላሴ፣ የሉቃስ አባት የሱቅ ጎረቤት የሆኑት ባለ ነጭ ቆቡ ሐጂ ሀይረዲን፣ ከኋላ ደግሞ የሉቃስ አጎት። ሦስቱንም ላብ አጥምቋቸዋል።

"ጌታዬ፣ ከእግርዎ ወድቀናል፣ ቤት ተሳስተን ነው..." ብለው ጀመሩ ጋሽ ሰይፈሥላሴ።

"ስድስት ሰዓት ተኩል ሙሉ?" አለ አባዬ፣ በሩን በግማሽ ይዞ። "እነሱ ባለ ፎቅ ይሁኑ፣ እኔም ጡረተኛ ልሁን። ልጄ ግን ሌላ ጉዳይ ሲያልቅ በመመለሻ መንገድ የምትጠየቅ አይደለችም። በሰላም ተመለሱ።"

"ገብሬ! ሽማግሌ ከደጅ ይመለሳል እንዴ?" ብላ ጮኸች እናቴ።

በሩ ተዘጋ። ከበሩ ወዲያ የሦስት ሽማግሌዎች እግር ደረጃውን ቀስ እያለ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር፤ እያንዳንዱ ኮቴ እኔ ላይ የሚረግጥ መሰለኝ።

*

ሰኞ ዕለት ሉቃስን ቀና ብዬ አላየሁትም። ተናድጄበታለሁ! የአባቴ ኮት ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል። እሱም መጥቶ፣ ማሽኔን ከፍቶ ዘግቶ፣ ካርዱን በቦታው ሰቅሎ ሄደ። ለሻይ እስክንወጣ ልታገስ አልኩ። አልቻልኩም፤ አነበብኩት።

"ብልሽት፦ ሽማግሌዎቹ ብሎክ 36፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በር 12 ሄደዋል። ባለቤቱ ግቡ አላቸው፣ ገቡ። ልጅዎን ለልጃችን ብለው ቆመው ጠየቁ። ሰውየው ሴት ልጅ አለችው። 'ልጄ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ እሷን ሳልጠይቅ መልስ አልሰጥም' ብሎ አስቀመጣቸው። ልጅቱ በሰባት ሰዓት መጣች። 'ሉቃስ ደግሞ ማነው?' አለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ እናንተን ሲፈልጉ ነበር።

ምክንያት፦ ቱሉ ዲምቱ ሁለት ብሎክ 36 አለ፤ አንዱ ከአስፋልቱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። አድራሻው ላይ የትኛው ሳይት እንደሆነ አልተጻፈም።

ጥፋተኛ፦ ጠጋኙ። ሳያጣራ ልኳል።"

ከሥሩ አድራሻውን የጻፍኩበት አሮጌው ካርድ ተያይዟል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። ብሎክ 36፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በር 12። የሳይቱ ስም የለም። እኔ ነኝ! እኔው ራሴ ነኝ አባቴን ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት በሱፍ ያስቀመጥኩት፣ ሉቃስ ግን ጥፋቱን በስሙ ጽፎልኛል።

አዲሱን ካርድ ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩ። "አባቴ ሽማግሌዎቼ ከደጅ ተመለሱ ብሎ ተቆጥቷል። የፊታችን እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ አንዴ፣ አንዴ ብቻ እልካለሁ፣ በሩ ካልተከፈተ ግን ስሟን አታንሱብኝ ብሏል። እኔ አልተውሽም፣ ልዕልት። ግን አባትሽ ሳይመርቁሽ ከቤት እንደማትወጪ አውቃለሁ። እንድትወጪም አልጠይቅሽም።"

ጥፋተኛ ከሚለው ሥር "ጠጋኙ" የሚለውን ሰርዤ "ሰፊዋ" ብዬ ጻፍኩ። ቀለሙ በእንባዬ ተበላሸ። አለቃችን አቻምየለሽ ከወዲያ ማዶ "ልዕልት፣ ኪስ!" እያለች ትጮሃለች፤ እኔ እቴ፣ ኪስ የት እንደሚሰፋ ጠፍቶኛል።

ቤት እንደገባሁ ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ብሎኩ ሁለት ነው፣ አልናቁንም፣ እባክህን እሁድ ክፈትላቸው ብዬ ጉልበቱን ያዝኩ።

"ተነሺ" አለኝ። "ጤነኛ ሰው በሰው ቤት ተሳስቶ ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ ይውላል? ስለናቁን ነው እንጂ! እኔ እናትሽን ላገባ ሞጆ ድረስ ስሄድ ተሳሳትኩ?"

እናቴን ሳል ያዛት። ውሃ እስክሰጣት አልቆም አላት።

*

ቅዳሜ ከሰዓት ከእኛ በታች አንደኛ ፎቅ ላይ ሰርግ ነበር። በብሎኮቹ መሃል ድንኳን ተጥሏል፣ አበባ የታሰረባቸው መኪናዎች ጡሩምባቸውን ያንባርቃሉ፣ ድሮን የሚሏት ነገር ከጭንቅላታችን በላይ ትዞራለች። እኛ በረንዳ ላይ ወጥተን እናያለን፤ አባዬ፣ እናቴ፣ እኔና ጎረቤታችን እታገኝ። ሰርግ አይቶ የራሱን ሰርግ የማያነሣ ሰው የለ መቼም፣ እታገኝ ጀመረች።

"የእኔ በኮሮና ጊዜ አልነበር? ሰው አትጥሩ ተባልን። ሁለቱ አክስቶቼ አልተጠራንም ብለው እስካሁን አኩርፈውኛል። ባሌን ሳሚው ሲሉኝ የሁለታችንም አፍ በማስክ ተሸፍኗል! በማስኩ ላይ ሳምኩት፣ ምን ላድርግ?" ብላ አሳቀችን። "የእርስዎስ እንዴት ነበር፣ ጋሽ ገብሬ?"

አባዬ ይቺን ነበር የሚጠብቀው። ገብቶ ከግድግዳው ላይ የሰርጋቸውን ፎቶ አውርዶ መጣ።

"የእኛማ በጥር ነው፣ የዛሬ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት። ከአቃቂ በጠዋቱ ባቡር ከስድስት ሚዜዎቼ ጋር ተነሣሁ። ልክ በአምስት ሰዓት ሞጆ! ሰርገኛ በሰዓቱ ሲደርስ ማየት ያኔ ነበር።"

ታሪኩን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ጠጋ ብዬ ፎቶውን አየሁ፤ ሁለቱ ዳሱ ፊት ቆመዋል፣ ጥላቸው እስከ ፎቶው ጠርዝ ተዘርግቷል።

"አባዬ፣ አምስት ሰዓት ላይ ከደረስክ ጥላችሁ ለምን እንደዚህ ረዘመ?" አልኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠይቀው ነው።

"ፎቶ አንሺው ነዋ የዘገየው።"

"ፎቶ አንሺው ከጠዋት ጀምሮ ደጃችን ተቀምጦ ነበር" አለች እናቴ።

"ብዙዬ!"

"አይ፣ ዛሬስ አልችልም። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አፌን ዘግቼልሃለሁ፣ ይበቃኛል።" ወደ እኔ ዞረች። "ያን እሁድ እኛ ሰፈር ሁለት ዳስ ተጥሎ ነበር። የእኛ፣ ከእኛ አራት ቤት አለፍ ብሎ ደግሞ የእነ ወርቅውሃ። ይኸው ሰዓት አክባሪው አባትሽ፣ አዎ፣ በአምስት ሰዓት ሞጆ ደረሰ። ቤታችንን ረግጦት አያውቅምና፣ ከስድስት ሚዜዎቹ ጋር እየጨፈረ የወርቅውሃ ዳስ ገባ!"

"ኧረ በስመአብ!" አለች እታገኝ።

"ገብቶ ቢወጣ ጥሩ። የወርቅውሃ ሰዎች ሙሽራቸውን በዓይን አያውቁትም፤ በሽማግሌ ያለቀ ነገር ነው። የእኛ ነው ብለው በእልልታ ተቀበሉት። አስቀመጡት። አበሉት፣ አጠጡት። እኔ ቬሎ ለብሼ አራት ቤት ወዲህ ተቀምጬ፣ እሱ እዚያ ይጎርሳል!"

"ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስንም ነበር እኮ" አለ አባዬ ቀስ ብሎ።

"ሁለቴ ነው የተጨመረልህ ገብሬ! ሚዜህ ነው የነገረኝ! ቆይቶ የወርቅውሃ ሙሽራ በመኪና ከች ሲል ማን ምን እንደሆነ ጠፋ። እሪታ ሆነ፣ ዱላ ተነሣ። አጣርተው፣ ታርቀው፣ ይቅርታ ተባብለው እኛ ጋ ሲደርሱ አሥር ሰዓት አልፏል። አባቴ 'በሰው ዳስ በልቶ የመጣ ሙሽራ ልጄን አይወስድም፣ ናቀኝ' አለ። መቼም ሰርገኛን ደጅ ላይ መከልከል የሰርግ ጨዋታ ነው። ያን ቀን ግን ጨዋታ አልነበረም፣ በሩ በእውነት ተቀረቀረ።"

"ከዚያስ?" አልኩ።

"ሚዜዎቹ ባቡር ሳያመልጠን እንሂድ ይሉታል። እሱ 'ሂዱ፤ እኔ በሩ እስኪከፈት እዚሁ እቆማለሁ' ሲል ከውስጥ ይሰማኛል። ሙሽራ ሳትጠራ ከጓዳዋ አትወጣም፤ እኔ ግን ወጣሁ። ቬሎዬን ሰብስቤ አባቴ ፊት ቆምኩ። 'አባዬ፣ ዳስ ነው የተሳሳተው፣ ሴት አልተሳሳተም' አልኩት። አየኝ፣ አየኝና ሳቁ አመለጠው። ራሱ ሄዶ መቀርቀሪያውን ሳበው። ያን ፎቶ የተነሣነው ያኔ ነው፣ ፀሐይዋ ልትገባ ስትል።"

አባዬ ፎቶውን ደረቱ ላይ እንደያዘ መሬት መሬት ያያል።

"ባቡር ውስጥ 'ብዙዬ፣ ለምንወልዳቸው ልጆች አትንገሪብኝ' ብሎ ለመነኝ። ቃሌን ጠብቄያለሁ። አሁን ግን የራሴ ልጅ ናት የምታለቅሰው።" ወደ አባዬ ዞረች። "ገብሬ፣ አባቴ ያን በር ባይከፍትልህ ኖሮ እኔን ከየት ታገኘኝ ነበር?"

አባዬ ፎቶውን ይዞ ገባ። ከታች ሙሽሪት መኪና ውስጥ ስትገባ እልልታው ቀለጠ፣ እኔ የበረንዳውን ብረት ጨብጬ እግዚአብሔርን አንድ በር ብቻ ለመንኩት።

*

እሁድ ጠዋት ስነሣ የአባዬ ወንበር ባዶ ነው። አልጋው ተነጥፏል። ሱፉ መስቀያው ላይ የለም።

"ጥሎን ሄደ!" አለች እናቴ፣ እጇን ራሷ ላይ ጭና። "ሽማግሌዎቹን ላለማየት ሄደ!"

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ስል ዓይኔ ቁም ሳጥኑ ላይ አረፈ። ቀዩ ባንዲራ እንደተጠቀለለ ነው። አረንጓዴው የለም።

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። አስፋልቱ ዳር፣ ሁለቱ ሳይቶች ከሚለያዩበት መታጠፊያ ላይ፣ አንድ ሱፍ የለበሰ ሽማግሌ ባንዲራ ይዞ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሰው ይከበዋል፣ አንድ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ወጥቶ "ፋዘር፣ ባቡር መጣ እንዴ?" ይለዋል። አባዬ ዞር ብሎም አላየው። ሰዓቱን ብቻ ያያል።

ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሽማግሌዎቹን የጫነች ነጭ መኪና ብቅ አለች። አባዬ ባንዲራውን ፈታ፣ ክንዱን ዘረጋ፣ አውለበለበ። እናቴ መስኮቱ ላይ እንደተደገፈች እልል አለች። ያን እልልታ ሰምታ እታገኝ እልል አለች፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ የብሎኩ ሴት በሙሉ ተቀበላት። አባዬ ከመኪናዋ ፊት ፊት እየተራመደ እስከ በራችን መራቸው።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ቤት ገብተው እንደ ወጉ አንቀመጥም አሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ቆመን የምንናገረው ጉዳይ አለን..."

"እኔ ልቅደም" አለ አባዬ። "ባለፈው ሽማግሌ ከደጄ መለስኩ። እኔ ግን ለራሴ ሰርግ ሞጆ ሄጄ፣ በሰው ዳስ ገብቼ፣ ሁለቴ ተጨምሮልኝ በልቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ደብቄዋለሁ።"

ከዚያ ሐጂ ሀይረዲን በሳቅ ግድግዳውን ተደገፉ። "የኛስ ምንም አይደል፣ ዳቦ ብቻ ነው የቀመስነው!" ሲሉ አባዬም አብሮ ሳቀ። ያን ሳቁን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ሲያባራ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

"ብሎክ ነው የተሳሳታችሁት፣ ልጅ አልተሳሳታችሁም" አለ። "ግን የዚያኛው ብሎክ አባት ከእኔ የተሻለ ሰው ነው። ልጁን ሳይጠይቅ መልስ አልሰጠም። ልዕልት! ነይ እስቲ።"

ወጣሁ። እግሬ መሬት ይንካ አይንካ አላውቅም።

"ይሄን ልጅ ትወጂዋለሽ?"

ሴት ልጅ እንዲህ ስትባል አቀርቅራ ነው ዝም የምትለው። እኔ ግን የእናቴ ልጅ ነኝ። "እወደዋለሁ አባዬ! በጣም እወደዋለሁ!" አልኩ፣ ሦስተኛ ፎቅ ብቻ ሳይሆን መሬት ያለውም ሰማ።

"በሉ ቁጭ በሉ" አላቸው አባዬ ሽማግሌዎቹን። "ሰጥቻችኋለሁ።"

እናቴ እንደገና እልል ስትል ስልኬን ይዤ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ሉቃስ ገና አንዴ ሳይጠራ አነሣው።

"የት ነህ?"

"እ... ብሎክ 36 ሥር።"

"የቱ 36?"

"የተሳሳተው። ድንገት ዛሬም እዚህ ቢመጡ ብዬ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቆሜያለሁ። ልዕልት፣ ንገሪኝ በናትሽ። ተከፈተ?"

እያለቀስኩ እስቃለሁ። አባዬ አጠገቤ መጥቶ ስልኩን ከእጄ ወሰደ።

"አንተ ልጅ፣ አስፋልቱን ተሻገር" አለው። "እኔ አሳልፍሃለሁ።"

ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከብሎኮቹ መሃል አንድ ዘይት የነካው ጃኬት የለበሰ ሰው ብቅ አለና መሮጥ ጀመረ። አባቴ ግማሽ አካሉን በመስኮቱ አውጥቶ አረንጓዴውን ባንዲራ አውለበለበለት። ሉቃስ እየሮጠ ቀና አለ። እኔን አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።